የደመወዝ ጭማሪ ዜና ሲሰማ የቤት ኪራይ ቀድሞ የሚጨምረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ጨዋታችን ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ከአንድ ጉዳይ አልወጣም። መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የሠራተኞቹ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚሻሻል፣ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል ሲያስታውቅ፣ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ሠንጠረዡን ስንቀባበል ዋልን። በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት አከራያችን በግቢው ያለነውን ተከራዮች በሙሉ በረንዳቸው ላይ ሰበሰቡንና፣ ቡና አፍልተው፣ ፈንዲሻ አቅርበው፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ ልጆቼ፣ መንግሥት አሰበላችሁ» ካሉን በኋላ ከመስከረም ጀምሮ በየክፍሉ 1,000 ብር መጨመራቸውን ነገሩን። ቡናው መልካም ነበር። ገንዘቡ ግን ገና በማናችንም እጅ አልገባም ነበር።

በቢሮአችን ሰው በዚህ ጉዳይ በሦስት ተከፍሏል። የክፍል ኃላፊያችን «ጭማሪው በዜና ባይነገርና ዝም ብሎ በፔሮል ቢገባ ኖሮ ማን ያውቅብን ነበር?» ይላሉ። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ግን ዜናው ለመጨመር ለተዘጋጀ ሰው ሰበብ ሆነው እንጂ ኪራዩ ከመጨመር እንደማይቀር ታምናለች። ሦስተኛው ወገን ሁሉንም ነገር ከዶላር ጋር ያያይዛል፤ የበርበሬ ዋጋ ቢነሣም መልሱ ዶላር ነው። እኔ ከሦስቱም ጋር በከፊል እየተስማማሁ በሙሉ ልቤ ግን ያላመንኩበት ስለሆነ፣ እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ ያያችሁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። በርግጥ ዋጋ የሚያንረው ዜናው ነውን?

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አጂፕ አካባቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት በዜናው የተነገረው ቁጥርና በፔሮል ላይ የሚፈረምበት ቁጥር የተለያዩ መሆናቸውን ማስቀደም እወዳለሁ፤ ምክንያቱም አከራይሽ የሰሙት የመጀመሪያውን ነው። በቀድሞው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ 6,940 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 1,170 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 485 ብር ከ80 ሳንቲም ተቀንሶበት 5,284 ብር ከ20 ሳንቲም ይደርሰው ነበር። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ በማለቱና እርከኖቹም በመስፋታቸው፣ ዛሬ 11,500 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 2,100 ብር፣ የጡረታ መዋጮው 805 ብር ሆኖ 8,595 ብር ይቀበላል።

ስለዚህ በዜናው 4,560 ብር መስሎ የሚታየው ጭማሪ በእጅ ሲገባ 3,310 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ 1,000 ብር ለኪራይ ሲሄድ ከጭማሪው 30 በመቶ ያህሉ በአንድ በረንዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የብድርና ቁጠባ ማኅበራችንም የወር ቁጠባ ከፍ ይበል ብሎ ሐሳብ አቅርቧል፤ እሱ እንኳ ለራሳችን ስለሆነ አይቆጨኝም።

የኃላፊያችሁን አስተያየት በተመለከተ፣ የመንግሥት ደመወዝ ከሕዝብ ግብር የሚከፈል እንደመሆኑ በድብቅ ሊጨመር አይችልም፤ ይቻላል ብንል እንኳ በጅማ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ እህት ወይም ምራት የሌላት አከራይ ማግኘት ያስቸግራል። ይልቅስ ዜናው ተቆራጩን አብሮ ቢናገር ኖሮ ቢያንስ የሚጠየቀው ጭማሪ የተመጠነ ይሆን ነበር የሚል ግምት አለኝ።

መልስ፦ በቡና ላኪ ድርጅት የቢሮ ሠራተኛ

ይህን ሁሉ ሳነብ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልፈልግም፦ እናንተ የምትከራከሩበት ጭማሪ ለእኛ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አልደረሰም። ደመወዜ 9,000 ብር ነው፤ በዚህ ሁሉ መሀል ያገኘሁት ነገር ቢኖር በአዲሱ የግብር ሠንጠረዥ ግብሬ ከ1,745 ብር ወደ 1,400 ብር ዝቅ በማለቱ በየወሩ የተረፈችኝ 345 ብር ናት። የኪራይ ጭማሪው ግን «አንተ የግል ነህ» ብሎ አላለፈኝም።

ዜናው ብቻ ነው ጥፋተኛው የሚለውን ግን አልቀበልም። ጅማን የምናውቅ ሰዎች መስከረምና ጥቅምት ምን እንደሚመስሉ እናውቃለን። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና አዳዲስ ሠራተኞች ይገባሉ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ይከፈላል፣ በጎማ፣ በማናና በሊሙ የእሸት ቡና ለቀማ ይጀመርና በከተማዋ የገንዘብ እንቅስቃሴው ሌላ ይሆናል። ቡና ገዢው፣ ሾፌሩ፣ መዛኙ፣ ለወቅቱ ሥራ የመጣው ሁሉ ክፍል ይፈልጋል። ኪራይ በዚህ ወቅት መወደዱ የደመወዝ ዜና በሌለባቸው ዓመታትም የነበረ ነው፤ የዘንድሮው ዜና የተነገረው ልክ በዚህ ዋዜማ ላይ ስለሆነ ሁሉም በእሱ ላይ ተላከከ።

ዶላርን በሚመለከት በባልደረቦቻችሁ ላይ አትቀልዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የዓለም የአረቢካ ቡና ዋጋ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ገደማ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ አገሪቱም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ይህ ለገበሬው መልካም ነው፤ ይገባውም ነበር። ነገር ግን ቡና ወደተሸጠበት ከተማ የገባው ብር ቦታና ቤት መግዛቱ አይቀርም፤ ቤት በውድ የገዛም በርካሽ አያከራይም። በጅማ የምንኖር ደመወዝተኞች ኪራያችን ብቻ ሳይሆን የጀበናችን ቡና ሳይቀር ከውጭ ገበያ ጋር እየተወዳደረብን ነው።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ወደ ጅሬን መውጫ

ልጆቼ፣ እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፤ በግቢዬ ሁለት ክፍሎች አከራያለሁ። የተባለውን ሁሉ በትዕግሥት አንብቤአለሁ፤ እዚህ የተነሣው አከራይ ከሞላ ጎደል እኔን ስለሚመስል ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዕድሜዬን በሙሉ ጠመኔ ይዤ ኖሬ ዛሬ የምኖረው በጡረታ አበልና በእነዚህ ክፍሎች ኪራይ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴ ከዓመት ዓመት ዋጋው ሌላ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ አያኖርም፤ ባለፈው ክረምት የአንደኛው ክፍል ጣሪያ ዝጎ ሲያፈስ ለቆርቆሮውና ለሠራተኛው የከፈልኩት የብዙ ወራት ኪራይ ነው። ተከራይ ዜናውን ሰምቶ እልል ሲል አከራይ ጆሮውን ይድፈን ማለታችሁ ነው? እኔም ጨምሬአለሁ፤ የጨመርኩት ግን ተከራዮቼ የተሻሻለውን ደመወዝ ከተቀበሉ በኋላ ነው፤ ተቀምጠን ተነጋግረን፣ አንደኛዋ ልጅ ሕፃን ስላላት ለእርሷ ግማሹን ብቻ አድርጌ። ቡና አፍልቶ ጭማሪ መንገርን በተመለከተ፣ የጠያቂዋ አከራይ ያደረጉት ነገር ከአገራችን ወግ አንፃር ከመጥፎዎቹ ጋር የሚቆጠር አይመስለኝም፤ በር ላይ ቆሞ ከመናገር ይሻላል።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ

ጋሼ፣ የእርስዎን አደራረግ ሁሉም ቢከተል እኮ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ቅር ያለን መጨመሩ ብቻ ሳይሆን ገና ያልተቀበልነው ገንዘብ አስቀድሞ መታሰቡ ነው።

መልስ፦ የኢኮኖሚክስ መምህር

ክርክሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የደባለቀ ስለመሰለኝ ነጥሎ ማየቱ ይጠቅማል። የሐሙስ ገበያ ላይ ጤፍ የሚሸጠው ነጋዴ የማንንም ደመወዝ አያውቅም። ከፊቱ የቆመችው ሴት የመንግሥት ሠራተኛ ትሁን የቀን ሠራተኛ ለይቶ ዋጋ አይጠራም፤ ለብቻው ቢያስወድድም ገዢው ወደ ሚቀጥለው መደብ ይሄድበታል። እሱ የሚከተለው የምርቱን መጠንና የማጓጓዣውን ወጪ ነው፤ ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር የጤፍ ዋጋ የሚናጋውም ለዚህ ነው። አከራይ ግን የሚደራደረው የት እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚከፈለውና መቼ እንደሚከፈለው ከሚያውቀው አንድ ሰው ጋር ነው። ተከራዩ «እለቃለሁ» ቢል ለደላላው የሚከፍለው አለ፣ ቀብድ ይጠየቃል፣ አልጋና ቁምሣጥኑን የሚጭንበት መኪና ይከራያል፣ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ይርቃል። አከራዩ ይህንንም ያውቃል። እንግዲህ ዜና ሰምቶ በዚያው ሳምንት የሚጨምረው ዋጋ የቤት ኪራይ፣ በየግቢው የሚከፈል የጥበቃና የመሳሰለው ዓይነት፣ ከፋዩን ለይቶ የሚያውቅ ዋጋ ነው። የቀረው ሁሉ በዜና ቢመካኝም ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከላይ የቡና ድርጅቱ ወንድማችን ያነሣው የወቅቱ ሁኔታም አንዱ ነው።

በየቢሮው የሚያነታርክ ሌላ ነገር አለና እግረ መንገዴን ልጥቀሰው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የዋጋ ንረት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ መውረዱ ሲነገር፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን «የት ነው የቀነሰው?» የማይል የለም። ቀነሰ የተባለው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው፤ አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 114 ብር ገባ ማለት ነው እንጂ ወደ 90 ብር ተመለሰ ማለት አይደለም። ዜና አንባቢው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ቢያብራራ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጠያቂዋ የምሰጠው መልስ ዜናውን መደበቅ አይጠቅምም የሚል ነው። የአከራዩን ጭማሪ ከዜና ሊለየው የሚችለው የጊዜ ገደብ ያለው ውል ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። ክልሎች ግን በየትኞቹ ከተሞቻቸው ተግባራዊ እንደሚሆን ራሳቸው እንዲወስኑ የተተወ ስለሆነ፣ በጅማ ያለውን አሠራር ከከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ፦

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። በተለይ ከፋዩን ለይቶ የሚያውቅ ዋጋ የተባለውን ነገ በሻይ ሰዓት አነሣዋለሁ፤ ኃላፊያችን ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ውል ይጻፍልን ብንል አከራያችን ቅር እንዳይሰኙ እፈራለሁ፤ እስከ ዛሬ የከፈልነው ሁሉ በእጅ ነው፣ ደረሰኝም የለንም። በዚህ ዓይነት ሁኔታ ውል የጻፈ ሰው አለ?

መልስ፦ በቡና ላኪ ድርጅት የቢሮ ሠራተኛ

አለ፤ እኔ ጽፌአለሁ። አከራዬ መጀመሪያ ያመነቱት ውሉ ሲመዘገብ የኪራይ ገቢ ግብር ይመጣብኛል ብለው ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም፣ ግብሩ በሕግ ያለ ነው። እኔም «ግብሩን በከፊል እጋራለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ለሁለት ዓመት እንዳይጨምሩብኝ» አልኳቸው። ሁለት ሽማግሌ አስቀምጠን፣ ወረቀት ላይ አስልተን፣ ለግብሩ ድርሻዬ በየወሩ 250 ብር እንድከፍል ተስማማን። ኪራዩንም ከዚያ ወዲህ በቴሌብር ስለምልክ የከፈልኩበት ቀን ስልኬ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንቺ ደግሞ ለብቻሽ ሳይሆን በግቢው ካሉት ተከራዮች ጋር ሆነሽ ብትጠይቂያቸው ይሻላል፤ አንድ ሰው ሲናገር ክስ ይመስላል።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር

ሽማግሌ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ አለሁ። የግብሩን ስሌት ግን የሒሳቡ ልጅ ይዞልን ይምጣ።