ኢንተርሉኪን-2 ልትገዙ ነው? ከብልቃጡ በፊት ወረቀቱን እዩ

ቲ ሴል የሚባለውን የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሴል በላብራቶሪ ማሳደግ የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሴሉ እንዲባዛ የሚጨመርለትን ፕሮቲን፣ ኢንተርሉኪን-2ን፣ ይመለከታል። የማን ኢንተርሉኪን-2 ይሻላል? የአንድ ኩባንያ ስም ብነግረው ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ለምን ሥራ ነው? መጠኑንስ የምትለካው በናኖግራም ነው ወይስ በዩኒት፣ ማለትም በመሥራት አቅሙ?

ይህን መጠየቅ የጀመርኩት ዋጋ ከፍዬበት ነው። የለመድነው ምርት አለቀና ከሌላ አቅራቢ ገዛን። ስሙ ያው ነው፤ ሪኮምቢናንት (የሰው ጂን ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ የተሠራ) የሰው ኢንተርሉኪን-2። ፕሮቶኮላችን 10 ናኖግራም በሚሊሊትር ስለሚል 10 ናኖግራም ጨመርን። ከሳምንት በኋላ ስንቆጥር ሴሎቹ ከወትሮው ግማሽ እንኳ አልደረሱም። ኢንኩቤተሩን ጠረጠርን፣ ሴረሙን ቀየርን፣ ደም የሰጡንን ሰዎች ሳይቀር ተጠራጠርን። ጥፋቱ ግን ክብደትን ከጉልበት ጋር ማምታታችን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮቲኑ ክብደት እኩል ቢሆንም የመሥራት አቅሙ ይለያያል። ለሕክምና የሚውለውን ኢንተርሉኪን-2፣ አልደስሉኪንን፣ ውሰዱ። 1.1 ሚሊግራሙ 18 ሚሊዮን ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው፤ በአንድ ሚሊግራም ወደ 16 ሚሊዮን ይመጣል። በሚሊሊትር 100 ዩኒት ከፈለጋችሁ 6 ናኖግራም ገደማ ይበቃችኋል። ሚሊግራሙ 5 ሚሊዮን ዩኒት ብቻ የሆነ ምርት ከገዛችሁ ግን ለዚያው 100 ዩኒት 20 ናኖግራም ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩም ሚሊግራሙን ተዉትና ዩኒቱን አስሉ። ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዩኒት የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ኩባንያ የሚለካው ሲቲኤልኤል-2 በሚባል የአይጥ ቲ ሴል ነው፤ ይህ ሴል ያለ ኢንተርሉኪን-2 ይሞታል። እድገቱን እኩሌታ ላይ የሚያደርሰው መጠን 0.1 ናኖግራም በሚሊሊትር ከሆነ፣ አንድ ሚሊግራሙ 10 ሚሊዮን ዩኒት ነው ተብሎ ይጻፋል። ይህ የቤታቸው ዩኒት ነው። ዓለም አቀፍ ዩኒት የሚባለው በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ናሙና የተመዘነው ብቻ ነው። መለኪያውን የሚያዘጋጀው እንግሊዝ ያለው ኒብስክ የሚባል ተቋም ነው። ሚልተኒ ባዮቴክ የሚባለው ኩባንያ የሳይቶካይኖቹን (እንደ ኢንተርሉኪን-2 ያሉ ለሴል መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖችን) አቅም በዚህ መለኪያ እየመዘነ ይጽፋል። ከባች ባች (ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው) የማይዋዥቅ መጠን ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው።

ወደ ምንጩ እንምጣ። ኢንተርሉኪን-2 133 አሚኖ አሲድ ያላት፣ 15.5 ኪሎዳልተን ገደማ የምትመዝን ትንሽ ፕሮቲን ናት። በተፈጥሮ ስኳር ትይዛለች፤ ለሥራዋ ግን አያስፈልጋትም። ስለዚህ ለቲ ሴል ማሳደጊያ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተሠራው ይበቃል። ፔፕሮቴክ፣ ከ2021 ማብቂያ ጀምሮ የቴርሞ ፊሸር አካል ሆኗል፣ በዚህ መንገድ የሚሠራቸው ሳይቶካይኖች ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ የተለመዱ ናቸው። ኢንተርሉኪን-2 ላይ 125ኛው ቦታ ያለው ሲስቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ጥንድ ስለሌለው ካልሆነ ቦታ ሊተሳሰር ይችላል። አልደስሉኪን ላይ ሲስቲኑ ሴሪን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ የተተካው ለዚህ ነው። የገዛችሁት ምርት ላይም እንዲህ ተደርጎ እንደሆነ ከብልቃጡ ጋር የሚመጣውን ወረቀት፣ ሰርተፍኬቱን፣ እዩ።

ሌላ ፕሮቲን ላይ ግን ይህን ምክር አትውሰዱት። ፒዲ-ኤል1፣ ቲጂኤፍ-ቤታ 1፣ ወይም ፋክተር ኤች የሚባለው የኮምፕልመንት (በደም ውስጥ ያለ የመከላከያ ሥርዓት) ፕሮቲን ከሆነ በሰው ኤችኢኬ 293 ወይም በቻይኒዝ ሃምስተር ሴል የተሠራውን ፈልጉ። የእነዚህ ስኳርና ዳይሰልፋይድ ማሰሪያ (ሲስቲንን ከሲስቲን የሚያያይዘው ድልድይ) ቀላል አይደለም። ሲኖ ባዮሎጂካልና አክሮባዮሲስተምስ በዚህ በኩል ሰፊ ምርጫ አላቸው።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር፤ ኢንዶቶክሲን። የኢ. ኮላይ ግድግዳ ቁራጭ ነው። ሞኖሳይት የሚባለው ሌላ ነጭ የደም ሴል ላይ ቲኤልአር4 የሚባለውን ተቀባይ ይነካና ሴሉን ያስቆጣል። እናንተ ፕሮቲኑ የሠራው መስሏችሁ ጽፋችሁ ታሳትማላችሁ። ወረቀቱ ላይ በማይክሮግራም ፕሮቲን ከ1 የኢንዶቶክሲን ዩኒት (ከላይ ካየነው የአቅም ዩኒት የተለየ ነው) በታች የሚል ታያላችሁ፤ ጎበዞቹ ከ0.1 በታች ይላሉ። ይህ ለእናንተ ይበቃል ወይ የሚለው በምትጨምሩት መጠን ይወሰናል። ኢንተርሉኪን-2ን በሚሊሊትር 10 ናኖግራም ከተጠቀማችሁ የሚገባው ቢበዛ 0.01 ዩኒት በሚሊሊትር ነው፤ ቲ ሴል ብቻ ላለበት ሥራ አልጨነቅም። አንድን ፕሮቲን በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም የምትጨምሩ ከሆነ ግን እስከ 1 ዩኒት ይደርሳል። ያ ወደ 100 ፒኮግራም ኢንዶቶክሲን ነው፤ ሞኖሳይት ይሰማዋል።

ጥርጣሬ ካላችሁ ርካሽ ፈተና አለ። ፕሮቲኑን ቀቅሉት። ሙቀት ብዙውን ፕሮቲን ያበላሻል፤ ኢንዶቶክሲንን ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካውም። የተቀቀለው ናሙና አሁንም ሴሉን ካስቆጣ ቆም በሉ። ፖሊሚክሲን ቢ ጨምሩና ድገሙት። ይህ ኢንዶቶክሲንን የሚይዝ አንቲባዮቲክ ነው፤ ቁጣው ከበረደ ጥፋተኛው ታውቋል። ይህን ሳታደርጉ ስለ ሞኖሳይት ምንም ባትደመድሙ እለምናችኋለሁ።

አልቡሚን (ፕሮቲኑን እንዲጠብቅ የሚጨመር ሌላ ፕሮቲን) የተጨመረበት ይሻላል ወይስ ያልተጨመረበት? አር ኤንድ ዲ ሲስተምስ ብዙዎቹን ምርቶች በሁለቱም መልክ ይሸጣል። ለሴል ማሳደጊያ አልቡሚን ያለበትን ውሰዱ። ፕሮቲን በጣም ሲቀጥን ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፣ አልቡሚኑ ያንን ይቀንሳል። ቀለም ልትለጥፉበት፣ አንቲቦዲ ልታስወጡበት ወይም በማስ ስፔክትሮሜትር ልታዩት ከሆነ ደግሞ ንጹሁን።

ስለ ዝርያ አንድ ቃል። የሰው ኢንተርሉኪን-2 የአይጥ ሴል ላይም ይሠራል። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው ሌላ ሳይቶካይን ግን እንዲህ አይደለም፤ የሰው የሆነው ለአይጥ ሴል አይሠራም፣ ለየብቻ ግዙ።

ብልቃጡ ሲደርስ ሳትከፍቱ ሴንትሪፊዩጅ አድርጉት፤ ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ሊኖር ይችላል። አቅራቢው ባዘዘው ፈሳሽ አሟሙት፤ ለዚች ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ቀጭን አሴቲክ አሲድ ነው። አትነቅንቁት፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

ትልቅ ብልቃጥ ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ ከሁለት አቅራቢ ትንሽ ትንሹን ውሰዱ። በራሳችሁ ሴል ላይ፣ ከዜሮ እስከ 200 ዩኒት ድረስ ጎን ለጎን ሞክሩ። የወደዳችሁትን የባች ቁጥር ያዙና ለሙከራው ሙሉ ዘመን የሚበቃ መጠን ከዚያው ባች እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።