"18 የያዘ" እና "18 የሞላው"፦ ልጅ ለውትድርና መድረሱ በምን ይታወቃል?

መምህር ዘአራዳ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጦርነት በመጣ ቁጥር ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር የምንውል ሰዎች አንድ ጥያቄ አያጣንም፤ "ልመዝገብ ወይ?" የሚል። ልጁ ይቸኩላል፣ መልማዩም ይቸኩላል፣ የሰፈሩ ወሬ ደግሞ ሁለቱንም ያጣድፋል። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይብሳል እንዲሉ።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ልጅ እንውሰድ። በእናቱ ቆጠራ 17 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። 54 ኪሎ ይመዝናል፣ ቁመቱ ግን ከአባቱ በልጧል። የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፤ የትምህርት ቤቱ ማስረጃና የክርስትና ካርዱ ደግሞ አይስማሙም። ፈሪ አይደለም፣ ሯጭ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "ደርሷል" ይለዋል።

የምጠይቀው ሕግ፣ ጤና ወይም ሥልጠና የምታውቁትን ነው። ዕድሜው እንዴት ይጣራል? አካሉ መቻሉ በምን ይታወቃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ አስተሳሰቡ መብሰሉን የምናይበት፣ ከ"ይመስለኛል" ያለፈ መለኪያ አለ? የፖለቲካ ክርክር እዚህ ባታመጡብኝ ደስ ይለኛል።

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

መምህር፣ ከቃሉ እንጀምር። በእኛ አነጋገር "18 ያዘ" ማለት 17ቱን ጨርሶ 18ኛውን ጀመረ ማለት ነው። ሕግ የሚያየው የሞላውን ነው። ስለዚህ የጠቀሱት ልጅ በሰፈር አፍ 18 ይዟል፣ በሕግ ፊት ግን ሕፃን ነው። እዚህ ላይ የወላጅ ፊርማም የልጁ ፈቃድም ለውጥ አያመጣም። እንግሊዝ በወላጅ ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ አሜሪካ ከ17 ጀምሮ ይቀጥራሉ እየተባለ የሚጠቀስ ነገር አለ፤ እውነት ነው፣ ግን የእኛ ሕግ አይደለም። ኢትዮጵያ ሕፃናት በጦርነት እንዳይሳተፉ የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም አጽድቃለች። ያው ፕሮቶኮል ከመንግሥት ውጭ ያሉ ታጣቂዎችም ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ በምንም ምክንያት እንዳይመለምሉ ይከለክላል። "ራሱ ፈልጎ መጣ" መከላከያ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 ደግሞ ሕፃናትን ለውጊያ መመልመልን ከጦር ወንጀሎች ጋር ያስቀምጠዋል፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ሲሆን ከባድ ሲሆን ከዚያም ያልፋል።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ፣ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ በጊዜው የተሰጠ የልደት ወረቀት ከሌለው አይገርምም። በኋላ የወጣ ከሆነ በአፍ ቃል የተሞላ ሊሆን ይችላልና ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ የሚሻለው ልጁ ሕፃን ሳለ የተጻፈ ወረቀት ነው። የክርስትና ካርድ ካለ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ያንን ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የእስልምና ተከታይ ቤተሰብ ከሆነ የክትባት ካርዱን ይፈልጉ፤ በክንድ ላይ የሚሰጠው የቲቢ ክትባት እንደተወለደ፣ ቀጣዩ ዙር በ6 ሳምንት ስለሚሰጥ ቀኑ ብዙ አይርቅም። ቀጥሎ የ1ኛ ክፍል መዝገብ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የመጨረሻው ነው፤ ለሥራ ሲባል ዕድሜ የሚጨመርበት እሱ ላይ ነውና።

አንድ ስሕተት ደግሞ በየጊዜው ይደገማል። ልጁ በ2000 ዓ.ም ተወልዶ ፎርሙ ላይ "2000" ብቻ ይጻፋል። ፎርሙን የሚያየው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ያሰላና ከ2026 ላይ ይቀንሳል፤ 26 ዓመት ይሆንለታል። ልጁ ግን ገና 17 ወይም 18 ነው። የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት በአንዲት ቁጥር ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። ስለዚህ ዓመቱ አጠገብ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

የእጅ አንጓ ራጅ ዕድሜን ይለያል የሚባለውን አትመኑ። ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 2 ዓመት ስለሚደርስ 17ን ከ18 መለየት አይችልም። ማስረጃዎቹ ካልተስማሙና ጥርጣሬ ካለ፣ ልጁ ሕፃን ነው ተብሎ ነው የሚወሰደው። ሳይሞላው ተመዝግቦ ከሆነ፣ ቤተሰቡ የወረቀቶቹን ኮፒ አያይዞ በጽሑፍ ያመልክት፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ማኅተምና ቀን አስደርጎ ያስቀር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲህ ያለ አቤቱታ ይቀበላል። በቃል ብቻ የቀረበ አቤቱታ ሰው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ሲስተር ቧንቧ ውሃ

እኔ አጥንቱ ላይ ላተኩር። የወንድ ልጅ የረጃጅም አጥንቶች ማደጊያ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ባለው ይዘጋል፣ አንዳንዱ እስከ 20 ይቆያል። ቁመቱ አባቱን አለፈ ማለት አጥንቱ ጠነከረ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሰሞኑን የተመዘዘ ልጅ አጥንቱ ከጡንቻው ቀድሞ ሮጧል።

ሸክሙን እናስላ። በተለምዶ የሚያዝ መመሪያ አለ፤ ለውጊያ የሚያዘው ከሰውነት ክብደት 30 በመቶ፣ ለጉዞ የሚያዘው 45 በመቶ ባያልፍ ይመከራል። ለ54 ኪሎ ልጅ 16 ኪሎና 24 ኪሎ ገደማ ነው። ባዶ ክላሽ 3 ኪሎ ከ100፣ 30 ጥይት የሞላ የብረት ካዝና ወደ 800 ግራም። አምስት ካዝና 4 ኪሎ፣ 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ። ጫማው፣ ብርድ ልብሱ፣ ስንቁና አካፋው ሳይቆጠር ከ9 ኪሎ አለፈ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው የማይሰማው ሸክም 54 ኪሎ ያለውን ልጅ ቅልጥሙን ይሰነጥቀዋል።

"ይሰነጥቀዋል" ስል ማጋነኔ አይደለም። በሥልጠና ከ3ኛው ሳምንት ወዲያ የቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ አጥንት እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሕመሙ በአንድ ጣት ጫፍ ሊነካ የሚችል አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሲሮጥ ይብሳል፣ በዚያው እግር ብቻ ሲዘል ይቆረጥመዋል። ጡንቻ ብቻ ከሆነ ሕመሙ በሰፊው የተበተነ ነው፤ ሲሞቅም ይለቀዋል። ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። "ራጁ ነፃ ነው፣ ሰበብ ነው" ተብሎ ይመለሳል፣ በላዩ ይሮጣል፣ ስንጥቁ ስብራት ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ማረፍ አለበት። ሕመሙ ብሽሽት ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ እርምጃ እንኳን አይጨመርም፤ የጭን አጥንት አንገት ከተሰበረ ዕድሜ ልክ ማንከስ ያመጣል።

የእኛን አገር የሚመለከት ሌላም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ልጆቻችን ትንፋሽ አላቸው፣ ሙቀት ግን አያውቁም። ወደ አፋር ቆላ ሲወርዱ ሰውነታቸው ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት በቀትር ማስሮጥ ሰው ይገድላል። ላብ በላብ ሆኖ የሚዘባርቅ ልጅ "ሰክሯል" አይባልም። ጥላ ሥር አስገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ይቀድማል፣ መኪና ፍለጋው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃውም ቢሆን በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አይለፍ፤ ያለ ጨው የበዛ ውሃ ራሱ ራስ ያስታል። ወባም እንደዚሁ ነው፤ ደጋ ያደገ ልጅ አልለመዳትምና አጎበሩን እንደ ጥይቱ ይቁጠረው።

በተጨናነቀ ማደሪያ ደግሞ ቅማል ተስቦን ያመጣል፤ ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀል ነው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር ከተገናኙ ማጅራት ገትር ነው ብሎ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ማድረስ፤ ለነገ አይባልም።

ሃምሳ አለቃ ሐርቡ

መምህር፣ የመጨረሻዋ ጥያቄዎ ናት ዋናዋ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚተወውንና የሚይዘውን ገና ስላልለየ ነው። የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ከአዋቂ አያንስም። ፈተና ስጡት፣ ያልፋል። ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ሲደነግጥና ጓደኞቹ ሲያዩት ግን ያው ልጅ ሌላ ሰው ይሆናል። ራስን የመግታት ችሎታ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እየበሰለ የሚሄድ ነገር ነው። ጦር ሜዳ ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ቦታ አይደለም።

መለኪያ ካሉኝ፣ ድፍረትን ትቼ "አቁም" ሲባል የሚቆም መሆኑን አያለሁ። መተኮስ በሁለት ቀን ይለመዳል። ጓዶቹ እየተኮሱ እሱ ጣቱን ከቃታ ላይ ማንሳቱ ነው ወራት የሚፈጀው። ክላሽ መሃለኛው ቦታ ላይ ሆኖ ቃታው ተይዞ ከቀረ በደቂቃ 600 ጥይት ስለሚተፋ 30ዋ ጥይት በ3 ሰከንድ ታልቃለች። የደነገጠ ጀማሪ አንዷን ካዝና እንዲሁ ሰማይ ላይ ይበትናትና ባዶ እጁን ይቀራል።

ሌላው ማባረቅ ነው። ከጥበቃ ተመልሶ መሣሪያ ሲያራግፍ የሚባርቅበት ምክንያት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ፣ ከዚያ ካዝናውን መንቀል፣ ከዚያ ማቀባበያውን ስቦ ውስጡን በዓይንም በጣትም ማየት። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ይገለብጠዋል፤ አስቀድሞ ይስባል፣ ጥይት ይገባል፣ ካዝናውን ነቅሎ "ባዶ ነው" ብሎ ቃታውን ይስባል። አጠገቡ የተኛው ጓዱ ላይ ነው የሚያርፈው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ጠጥቶ እንደሞቀው ሰው ይሳሳታል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ የሚያስፈልገው ከእኛ በላይ ነው። ሁለት ሌሊት ያልተኛን አዲስ ልጅ ለብቻው ጥበቃ የሚያቆም መሪ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ሌላ ፈተና ልንገርዎ፣ መሣሪያ አይፈልግም። አምስት ነገር ያለበት መልእክት በቃል ይስጡት፤ ስንት ሰው፣ በየት በኩል፣ የት ቦታ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሲያደርጉ። ከዚያ ወደ ጦሳ ተራራ አስወጥተው ይመልሱትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠይቁት። የረሳውን "ረሳሁ" ካለ ጥሩ ልጅ ነው፣ ይሠለጥናል። የረሳውን ከራሱ ሞልቶ ከነገረዎት ግን ገና ነው። በሰው ፊት ማፈር የሚያስዋሸው ልጅ ግንባር ላይ ሰው ያስጨርሳል።

ጦርነት ሲያጣድፍ ሥልጠናው ሲታጠር ቀድመው የሚቆረጡት የሌሊት ልምምድ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታና ጓድ ሆኖ አብሮ መዋል ናቸው። ሰልፉ አይቀርም፣ ስለሚታይ። ያልተዋወቁ ልጆች ተኩስ ሲሰሙ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ፍርሃት ሰውን ወደ ሰው ነው የሚስበው። አንዲት ሞርታር አምስቱን ትወስዳለች። መራራቅን ለማስለመድ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከተፈጥሮ ጋር ነው የሚታገሉት።

በደርግ ጊዜ በ1975 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት፣ 6 ወር ሥልጠና፣ ከዚያ 2 ዓመት አገልግሎት ይል ነበር። ወረቀቱ ላይ ጥፋት አልነበረም። የቀበሌ ኮታ ሲመጣ ግን ዕድሜ በቁመት መለካት ጀመረ፣ ወሬው ሁሉ "አፈሳ" ሆነ።

መምህር ዘአራዳ (ደሴ)

ጋሼ፣ ሲስተር፣ ጠበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ላክል። ልጁ ምክንያቱን ሲጠየቅ "የአጎቴን ደም" ይላል። ይህስ እንዴት ይታያል? ሁለተኛ፣ እስኪሞላው 7 ወር አለው፤ ምን ይሥራ? ዝም ብሎ ቤት ቁጭ በል ቢባል አይሰማም።

ሃምሳ አለቃ ሐርቡ

ደም ለመመለስ የሚመጣ ልጅ አሁን አይሁንለት። ሐዘኑን ስለናቅሁ አይደለም። እጁን የሰጠ ጠላት ፊቱ ሲቆም የሚያየው ያንን ሰው ሳይሆን የአጎቱን ገዳይ ነው። እጅ የሰጠና የቆሰለ አይነካም፤ ይህን የሚጥስ ልጅ ቀሪ ዕድሜውን የሚሸከመው እሱ ነው። ከሐዘኑ ጋር የሚያስቀምጠው ሰው ይፈልጉለት፤ የንስሐ አባቱም ሆኑ የሰፈር ሽማግሌ። ከ3 ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይድገሙለት፣ መልሱ ተቀይሮ እንደሆነ ይስሙ።

ሲስተር ቧንቧ ውሃ

7 ወሩ ብዙ ነው፣ አብሽሩ። በሳምንት 4 ቀን ይሥራ፤ ሁለቱን ሩጫ፣ ሁለቱን ዳገት በእግር። ለመጀመሪያው ወር ያለ ሸክም፣ ከዚያ በ5 ኪሎ ጀምሮ በየሳምንቱ ካለው ላይ ከ10 በመቶ በላይ ሳይጨምር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል በሸክም አይሩጥ፤ 25 ኪሎ ሜትር ሙሉ ስብራት የሚፈለግበት መንገድ ነው፣ ጉልበትና ቅልጥም የሚያልቀው በዳገቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው። ቁርስ ሳይበላ አይውጣ፣ ሌሊት ለ8 ሰዓት ያህል ይተኛ።

የደም ዓይነቱን ያስመርምር። በቀይ መስቀል የሚሰጥ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ካገኘ አያምልጠው። እጅና እግር ላይ ደም ሲፈስ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር በላይ አጥብቆ ማሰር፣ መገጣጠሚያ ላይ አለማሰር፣ የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፣ ሐኪም ሳያይ አለመፍታት። ቢዘምትም ባይዘምትም ይጠቅመዋል፤ ደሴ መንገድ ላይ የባጃጅ አደጋ የደረሰበትም ደም ይፈሰዋል።

የ12ኛ ክፍል ፈተናውም በዚሁ 7 ወር ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። የፈተና ወረቀቱ 18ቱ ሲሞላም አይበላሽም።

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

መምህር፣ የክርስትና ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ከነወሩ ላኩልኝና እኔ አስልቼ የሚሞላበትን ትክክለኛ ቀን እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያ ዋናውን ለማንም አይስጡ፣ ኮፒ ብቻ።