የክርክር ድጋፍ ሥራ ለውጭ ድርጅት ይሰጥ ወይስ የሕግ ክፍሉ ይያዘው?

ሰብለ (የሕግ ክፍል ኃላፊ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ ይኼ ነው። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች አንድ ትልቅ ድርጅት ሲከሰስ ጠበቃው ችሎት ፊት ከመቆሙ በፊት የሚያልቅ ብዙ ሥራ አለ። የሠራተኞች ኢሜይል፣ የስልክ መልእክትና ፋይል ይሰበሰባል። ድግግሞሹ ይወጣል። ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘው ይለያል። በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለ ምስጢር ይነጠላል። የቀረው ለተቃራኒ ወገን ይሰጣል። ይህን ሁሉ በራሳቸው ሶፍትዌርና በራሳቸው ሰው የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች አሉ። የሕግ ክፍሎች ሥራውን ይስጧቸው ወይስ ራሳቸው ይያዙት?

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ሥራው ይውጣ፣ ፍተሻው ግን ቤት ይቅር። የመጣለትን ውጤት ናሙና አውጥቶ የሚመረምር ሰው የሌለው የሕግ ክፍል ሥራውን አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ቢኒያም (ፋይናንስ)፦
እኔ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ገንዘብ ነው፤ በዚህ አላፍርም። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ለኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ከሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር 73 ሳንቲም ገደማ የሚሄደው ሰነድ ለማንበብ ነው። ለመሰብሰብ አይደለም፣ ለማቀነባበርም አይደለም፤ ለንባብ! ይህን ንባብ በሰዓት በሚከፈለው ውድ ጠበቃ ማሠራት የድርጅቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላው ደግሞ ሥራው ወጥ አይደለም። ትልቅ ክስ ሲመጣ ለጥቂት ወራት ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ምንም የለም። ለዚያ ቋሚ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ፈቃድ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ገዝቶ፣ ሰርቨር አቁሞ መጠበቅ ምን ይሉታል?

ጋሽ ኃይሉ (ጠበቃ)፦
ልጄ ቢኒያም፣ ቁጥሩን አልክድህም። ግን ዳኛው ሒሳብህን አይጠይቅህም። የዙቡሌክን ጉዳይ አስታውስ። አንዲት ሠራተኛ ዩቢኤስ የተባለውን ባንክ በአድልዎ ከሰሰች። አንዳንድ ኢሜይሎች መጥፋታቸው ታወቀ፣ ሌሎቹም በጣም ዘግይተው መጡ። ዳኛዋ በ2004 የሰጡት ውሳኔ ግልጽ ነው። ጠበቃው «ሰነድ አታጥፉ» ብሎ ደብዳቤ መላኩ ብቻ አይበቃም፤ መፈጸሙንም መከታተል አለበት። በ2005 ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ለከሳሿ ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱላት።

ስለዚህ ችሎት ቆሞ «ጥፋቱ የአገልግሎት ሰጪው ነው» ማለት አያዋጣም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርም በ2008 ባወጣው 08-451 ቁጥር አስተያየት ሥራን ለውጭ መስጠት ይፈቀዳል ብሏል፤ ግን ጠበቃው ብቁ አገልግሎት የመስጠት፣ የመቆጣጠርና ምስጢር የመጠበቅ ኃላፊነቱ እንዳለ ይቀጥላል። ኃላፊነቱ እኔ ጋ ከቀረ ሥራውም ዓይኔ ሥር ቢሆን እመርጣለሁ።

ዳዊት (በአገልግሎት ሰጪ ድርጅት የሚሠራ)፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ጠበቃ ዓይኑ ሥር ስለሆነ ብቻ ሥራው ጥሩ ይሆናል የሚለው ግምት ከተፈተነ ቆይቷል። ብሌርና ማሮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1985 ያወጡት ጥናት አለ። ጉዳዩ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከደረሰ የባርት ባቡር አደጋ ጋር የተያያዘ ክስ ነው። 40 ሺህ ገደማ ሰነድ ነበር። ጠበቆቹ ከሚፈለገው ሰነድ ቢያንስ 75 በመቶውን እንዳገኙ እርግጠኛ ነበሩ። ሲለካ ያገኙት 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። በቁልፍ ቃል ነበር የሚፈልጉት፤ ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ግን ያንኑ ነገር በብዙ ዓይነት አነጋገር ነበር የጠቀሱት።

ዛሬ የኛ ሶፍትዌር ሰው ምልክት ካደረገባቸው ሰነዶች እየተማረ የቀሩትን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ዳኛ አንድሩ ፔክ በ2012 በዳ ሲልቫ ሙር ጉዳይ ይህ ዘዴ ለተገቢው ጉዳይ ተቀባይነት አለው ብለዋል። ሦስት ሚሊዮን ገደማ ኢሜይል ነበር። በ2016 ደግሞ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በፒሮ ጉዳይ ፈቀደው። ይህን ቴክኖሎጂ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ በየሕግ ክፍሉ ይኖራል ማለት ዘበት ነው።

አሰባሰቡንም እዩት። የድርጅቱ የአይቲ ልጅ ቀና ሆኖ፣ የሥራ አስኪያጁን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ያመጣል። ፋይሉ ሲገለበጥ የተፈጠረበት ቀን የሚለው መረጃ ወደዛሬው ቀን ይቀየርበታል። ክርክሩ «ይህ ውል መቼ ተረቀቀ» የሚል ከሆነ ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው። እኛ ዲስኩን ምንም እንዳይጻፍበት አድርገን እንቀዳለን። ከቅጂው ላይ ሃሽ የሚባል ረጅም ቁጥር እናወጣለን። አንዲት ፊደል ብትቀየር ቁጥሩ ይለወጣል። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ማን መቼ እንደተረከበ እንመዘግባለን።

ማህሌት (ሰነድ አንባቢ)፦
ዳዊት ስለ ማሽኑ የተናገረው ልክ ነው። እኔ ግን ማሽኑን ከሚያስተምሩት ሰዎች አንዷ ስለሆንኩ፣ ከስክሪኑ በዚህ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

በግራ ሰነዱ ይወጣል። በቀኝ ቁልፎች አሉ፦ ይመለከታል፣ አይመለከትም፣ ምስጢር ነው። በሰዓት ስንት እንዳነበብሽ ሲስተሙ ይቆጥራል። አንድ ጊዜ የሽያጭ ኃላፊ ለባልደረባው የጻፈው አጭር ኢሜይል መጣልኝ። «ትናንት ከእሱ ጋር እንደተነጋገርነው አንቀጽ 7ን እንዳንነካ» ይላል። በቃ፣ ይኼው ነው። «እሱ» ማን ነው? የድርጅቱ ጠበቃ ከሆነ ኢሜይሉ ምስጢር ነው፤ ለተቃራኒ ወገን መሄድ የለበትም። ሌላ አለቃ ከሆነ ይሄዳል። የተሰጠን የጠበቆች ስም ዝርዝር የውጭ ጠበቆችን ብቻ የያዘ ነበር። የድርጅቱ የውስጥ ጠበቆች ስም አልነበረበትም።

ጥያቄውን ለቡድን መሪ ጻፍኩ። ቡድን መሪው ለፕሮጀክት አስተባባሪው፣ አስተባባሪው ለጠበቆቹ ቢሮ፣ ቢሮው ለድርጅቱ ሕግ ክፍል ላኩ። መልሱ ሲመለስ ያ ኢሜይል የነበረበት የሰነድ ጥቅል ተነቦ አልቋል ተብሎ ተዘግቶ ነበር። የውጭ ድርጅት ጥፋት ነው? በከፊል። የሕግ ክፍሉ ግን ሥራውን ሰጥቶ ዞር ብሎ ነበር። የአንድ ገጽ ስም ዝርዝር ማዘጋጀት የእነሱ ድርሻ ነበር። በጣም ያናደደኝ ይኼ ነው። እኛ ስለድርጅቱ ምንም አናውቅም፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጋሽ ኃይሉ፦
ማህሌት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ የምፈራውም ይህንኑ ነው። በ2008 በሜሪላንድ የታየውን የቪክተር ስታንሊ ጉዳይ ልጨምርበት። ተከሳሾቹ በቁልፍ ቃል አጣርተናል ብለው 165 ምስጢራዊ ሰነዶችን በስህተት አሳልፈው ሰጡ። ዳኛ ፖል ግሪም ሰነዶቹ ምስጢርነታቸውን አጥተዋል አሉ። ለምን ቢባል፣ የመረጡት ቃል በቂ መሆኑን በናሙና አላረጋገጡም። ፍለጋው እንዴት እንደተሠራም ማስረዳት አልቻሉም።

ሰብለ፦
ጋሼ፣ ይኼ የኔን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ የእርስዎን አይደለም። ዳኛው ጥፋት ያሉት አለመፈተሹን ነው። ሥራው ቤት ውስጥ ቢሠራም ካልተፈተሸ ውጤቱ ያው ነው።

ፍተሻ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። አገልግሎት ሰጪው «200,000 ሰነድ አይመለከትም ብለን ጥለናል» አለን እንበል። ከተጣለው ክምር በዕጣ 1,500 አወጣለሁ። የኔው ጠበቃ ያነባቸዋል። ከነሱ ውስጥ 30 የሚመለከቱ ቢገኙ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ በተጣለው ክምር ውስጥ 4,000 ገደማ የሚፈለግ ሰነድ ቀርቷል ማለት ነው።

2 በመቶ ስትሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን ድርጅቱ አገኘሁ ያለው ስንት ነው? 16,000 ከሆነ፣ ከ20,000 ውስጥ 16,000 ተገኝቷል፤ 80 በመቶ። ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። አገኘሁ ያለው 4,000 ብቻ ከሆነ ግን ግማሹ ጠፍቷል! በሁለቱም ጊዜ የሚመጣው ሪፖርት «የስህተት መጠን 2 በመቶ» ሊል ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ከሌላችሁ ሪፖርቱን ፈርማችሁ ትቀበላላችሁ።

ቢኒያም፦
እሺ፣ ያ ሰው ምን ያህል ያስወጣናል?

ሰብለ፦
በሰዓት 50 ሰነድ ቢያነብ 1,500ው 30 ሰዓት ይፈጃል። የአንድ ጠበቃ አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። አንተ ካልከው የንባብ ወጪ ጋር አስተያየው።

ቢኒያም፦
በዚህ ከሆነ አልቃወምም። ከበጀቱ ላይ ለይቼ አስቀምጠዋለሁ። ግን እናንተ የሕግ ሰዎች ፍተሻ ብላችሁ ትጀምሩና መላውን ሥራ ደግማችሁ ታነባላችሁ። ያኔ ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው።

ዳዊት፦
ናሙናውን እኛም እንሠራለን እኮ። ሪፖርታችን ውስጥ አለ።

ሰብለ፦
አውቃለሁ ዳዊት፣ ብዙዎቻችሁ በደንብ ትሠሩታላችሁ። ነገር ግን አንድ ሰው የራሱን ፈተና ራሱ አያርምም። ደግሞ እናንተ የምትለኩት ንባቡ ከመመሪያው ጋር መስማማቱን ነው። መመሪያው ራሱ ከተሳሳተስ? ማህሌት ያለችው የስም ዝርዝር ጎድሎ ቢሆን፣ የእናንተ ናሙና ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱም ናሙናውን የሚያነበውም ሰው የድርጅቱን ጠበቃ አያውቀውም።

ማህሌት፦
በትክክል! ሁለተኛ ዙር የሚያነቡት ከኛ አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የያዙት መመሪያ የያዝነው ነው።

ዳዊት፦
ይህን እቀበላለሁ። መመሪያው ከሥር ከተበላሸ እኛ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ጋሽ ኃይሉ፦
ስለ ምስጢርስ? በ2017 ዌልስ ፋርጎ ላይ የደረሰውን እናስታውሳለን። የባንኩ የውጭ ጠበቃ በአንድ ጉዳይ 1.4 ጊጋባይት ፋይል ለተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሰጡ። ውስጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሀብታም ደንበኞች መረጃ ነበር። ጠበቃዋ በአገልግሎት ሰጪው ሶፍትዌር ያዩት የሰነዱን ከፊል ብቻ መሆኑን አላወቁም ነበር። ያዩት ንጹሕ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

ዳዊት፦
ለዚህ መከላከያ አለው። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በማስረጃ ደንብ 502(d) መሠረት፣ ከመጀመሪያው የዳኛ ትእዛዝ ማስወጣት ይቻላል። በስህተት የተሰጠ ሰነድ ምስጢርነቱን አያጣም፣ ይመለሳል። ደንቡ ከ2008 ጀምሮ አለ። ሆኖም ትእዛዙን የማይጠይቁ ጠበቆች ብዙ ናቸው።

ጋሽ ኃይሉ፦
ሰነዱ ይመለሳል፤ ያነበበው ሰው ግን ያወቀውን አይመልስም።

ሰብለ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። ትእዛዙን ሁልጊዜ እንጠይቅ፤ እሱን ተማምነን ግን ጥንቃቄያችንን አንተው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ የሕግ ክፍሎች የማያዩት ነገር ስላለ እሱን ላንሳ፦ መውጫው። ሰነዱ በአገልግሎት ሰጪው ሲስተም ላይ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ በጊጋባይት፣ በየወሩ ይከፈላል። ክሱ ይግባኝ ተብሎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በአገልግሎቱ ተማርረሽ ልውጣ ስትዪ፣ ዳታውን ለማውጣት ሌላ ክፍያ አለ። ሰነዱ ይመለሳል፤ ጠበቆችሽ ለወራት ያደረጉት ምልክትና ማስታወሻ ግን በምን መልክ ይመጣል? ለሌላ ሶፍትዌር የሚሆን ካልሆነ ንባቡን ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ይህ ውል ሲፈረም ካልተጻፈ በኋላ የሚያስገድደው የለም። ጉዳዩ ሲያልቅ ቅጂዎቹ መጥፋታቸውን፣ የመጠባበቂያ ቅጂውንም ጨምሮ፣ በጽሑፍ ማረጋገጥም እንዲሁ።

ቢኒያም፦
ይኼኛው የኔም ጉዳይ ነው። ለመግቢያ ዋጋ ስንደራደር የመውጫውን ማንም አይጠይቅም።

ጋሽ ኃይሉ፦
አንድ የመጨረሻ ነገር ልበል። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰነድ እያጠቃለለ፣ አቤቱታ እያረቀቀ በዚሁ አገልግሎት ውስጥ እየመጣ ነው። በ2023 በማታ እና አቪያንካ ጉዳይ፣ ጠበቆች በቻትጂፒቲ የተፈጠሩ የሌሉ ውሳኔዎችን ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጡ። አገልግሎት ሰጪው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠበቃው ካላወቀ እንዴት ይፈርማል? እኔ አሁንም ምስጢሩን የሚነካ ንባብ ከቤት አይውጣ ባይ ነኝ። የቀረው ይሂድ።

ዳዊት፦
ጋሼ፣ ምስጢሩ የት እንዳለ ሳይነበብ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያው ዙር ሁሉም መነበብ አለበት እኮ።

ጋሽ ኃይሉ፦
የጠበቆች ስም ያለበትን መጀመሪያ ለዩልኝና እሱ ለኔ ይምጣ።

ማህሌት፦
ያ ኢሜይል ስም አልነበረውም ጋሼ። «እሱ» ነው የሚለው።

ሰብለ፦
እንግዲህ እዚህ ላይ አልተስማማንም። በኔ በኩል ግን ከማህሌት የወሰድኩት አለ። በሚቀጥለው ውል ሁለት ነገር አስገባለሁ። ሰነድ አንባቢው ጥያቄ ሲኖረው በሦስት ሰው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለኔ ቡድን የሚጽፍበት መስመር፤ እና መልስ ያልተሰጠበት ሰነድ ያለበት ጥቅል እንዳይዘጋ የሚል አንቀጽ። ዳዊት፣ ሲስተማችሁ ይህን ይችላል?

ዳዊት፦
ይችላል። ጠይቆን የሚያውቅ ደንበኛ ግን የለም።