የ13 ዓመት ልጄ አከርካሪ ወደ ጎን ጠምሟል፤ በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ያቃናዋል?

እናት፣ ከኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ለዒድ ቀሚስ ልናሰፋ ሄደን ሳለ ልብስ ሰፊዋ ልጄን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ከለካች በኋላ «ሜትሬ አይደለም የተሳሳተው፤ ትከሻዋን እስቲ እይው» አለችኝ። ቤት ገብተን ሳየው የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ከፍ ብሏል፤ ስታጎነብስ ደግሞ የቀኝ ጀርባዋ ጎላ ብሎ ይነሳል። ሕመም የለኝም ትላለች። ጤና ጣቢያ ስናሳያት «ስኮሊዮሲስ የሚባለው የአከርካሪ መጥመም ሳይሆን አይቀርም» ብለው ራጅ እንድትነሳ ወደ ደሴ ጻፉልን። አሜሪካ ያለችው እህቴ ካይሮፕራክቲክ የሚባል፣ አከርካሪን በእጅ የማስተካከል ሕክምና እንዳለ ነግራኛለች። እዚሁ ከተማችንም አንድ ሰው በ10 ቀን አሽቶ እንደሚያቃናት ቃል ገብቶ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኛል። ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ስለማሸክማት ጥፋቱ የእኔ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ከደሴ

ወዓለይኩም አሰላም፣ እህቴ። በመጀመሪያ የጀሪካኑን ጸጸት ከልብዎ ያውጡት። ከስኮሊዮሲስ ሕሙማን መካከል ከ10ሩ የ8ቱ ያህል መንስኤ አይታወቅም፤ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ጠባይ እንዳለው ይታወቃል እንጂ፣ ሸክም ወይም የትምህርት ቤት ቦርሳ እንደሚያመጣው የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

በዚህ ችግር አከርካሪው ወደ ጎን መጥመም ብቻ ሳይሆን በራሱ ዙሪያም ስለሚዞር፣ የጎን አጥንቶቹን አብሮ ይወስዳቸዋል። ልጅዎ ስታጎነብስ ያዩት እብጠት የመጣው ከዚህ ነው። መጠኑ የሚታወቀው ቆማ በተነሳችው ራጅ ላይ ኮብ የሚባለው ማዕዘን ሲለካ ሲሆን፣ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነው ስኮሊዮሲስ አይባልም። ከ25 በታች ሲሆን በአብዛኛው በየ4 እስከ 6 ወሩ እየተለካ ይጠበቃል፤ ከ25 እስከ 40 ሆኖ ልጅቷ ገና በማደግ ላይ ካለች ብሬስ የሚባል፣ ወገብና ጀርባን አቅፎ የሚይዝ ጠንካራ ድጋፍ ይታዘዛል፤ ከ45 እስከ 50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀመራል። የቀራት ዕድገት ከዲግሪው ባልተናነሰ ስለሚመዘን፣ የወር አበባ አይታ ከሆነ መቼ እንደጀመራት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ካይሮፕራክቲክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የተጀመረ ሙያ ነው። የጀርባ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች ሊያስታግስ እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ፤ በማደግ ላይ ያለን ልጅ የተጣመመ አከርካሪ እንደሚያቃና ወይም እንዳይብስ እንደሚያግድ ግን የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘለትም። ሲጫኑት የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ጋር የተያያዘ እንጂ አጥንት ወደ ቦታው የተመለሰበት አይደለም። ልጅዎ ሕመም ከሌላት ደግሞ ሕክምናው የሚያስታግስላት ነገር የለም።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ጀርባን ያጎብጣል፤ በበሽታው የተበላ አጥንት በኃይል ሲጫኑት ሊደቅና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የእግር መዛል ካለ ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ያድርሷት። ራጁ ታይቶ ምንነቱ ሳይታወቅ ማንም ሰው፣ የተከበረ ወጌሻም ቢሆን፣ ጀርባዋን እንዲጫን አይፍቀዱ፤ ቅድሚያ ክፍያውንም አይስጡ።

ሴት፣ 34 ዓመት፣ ከሆጤ

እኔ ራሴ ስኮሊዮሲስ አለብኝ፤ የታወቀልኝ ዕድገቴን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዱባይ በምሠራበት ጊዜ ከወገቤ እስከ ትከሻዬ እንደ እሳት ስለሚያቃጥለኝ ለ6 ወር ያህል ካይሮፕራክተር ዘንድ ተመላለስኩ። እውነቱን ለመናገር ሕመሙ ቀሎልኛል፤ በግራ ጎኔ መተኛት ከቻልኩ ዓመታት አልፈው ነበርና ያን ያገኘሁት እዚያ ነው። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ሁለተኛ ራጅ ተነስቼ «ከ38 ወደ 35 ወርዶልሻል» ሲሉኝ በደስታ አልቅሼ፣ ለሌላ 6 ወር ከፈልኩ። ወደ አገሬ ስመለስ ሁለቱንም ራጆች ያየው የአጥንት ሐኪም፣ አንዱን ራጅ ሁለት ሰዎች ሲለኩት እንኳ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ እንደሚችሉ በእርጋታ አስረዳኝ። 3 ዲግሪው ለውጥ አልነበረም። የቆጨኝ ገንዘቡ ሳይሆን ያ ተስፋ ነው፤ ለእኔ ዕድሜው ካለፈ በኋላ ነበር፣ ለልጅዎ ግን የሚያልፈው ወር ሁሉ የዕድገት ወር ነው።

እናት፣ ከኮምቦልቻ

አላህ ይስጣችሁ። ደሴ ሄደን ራጁ ተነሳ፤ 28 ዲግሪ ነው። የወር አበባ ገና አላየችም። ሐኪሙ ብሬስ በቀን 18 ሰዓት እንድታደርግ አዘዘላት። ልጄ ግን አለቀሰች፤ «በኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት እችለዋለሁ? ጓደኞቼስ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ብሬሱ ካላቃናት ለምን ላስጨንቃት?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ከደሴ

የብሬስ ዓላማ ጥመቱ ባለበት እንዲቆምና ልጅቷ ለቀዶ ሕክምና ሳትደርስ ዕድገቷን እንድትጨርስ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በወጣ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶ የሚሆኑት 50 ዲግሪ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ሲጨርሱ፣ ካላደረጉት ይህን ያገኙት 48 በመቶ ነበሩ። በቀን ከ13 ሰዓት ገደማ በላይ ካደረጉት ደግሞ ከ10ሩ 9ኙ ተሳክቶላቸዋል። ስለዚህ ሰዓቱ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን 18 ሰዓት አይጫኗት፤ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየጨመሩ በሁለት ሳምንት ያድርሷት።

ስለ ሙቀቱ፣ ከሥር ስፌቱ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ ልክክ ያለ የጥጥ ካናቴራ ታልብስ፤ ላብ ሲያርሰው ይቀየርላት። ሲወልቅ ቆዳዋን ይዩት፤ መቅላቱ በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ብሬሱ እንዲስተካከል ይመልሱት እንጂ ቅባትና ቫዝሊን አይቀቧት፤ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎችን እኔው አሳያታለሁ፤ ኳስና ገመድ ዝላይዋንም አታቋርጥ፣ ለስፖርት ሰዓት ብሬሱ ይወልቃል። በምትመጡበት ቀን ያቺን የዒድ ቀሚስ ይዛችሁ ኑ፤ ብሬሱን ለብሳ ከላይ እንሞክረውና ሰፊዋ ከጎን ምን ያህል መልቀቅ እንዳለባት ምልክት እናደርግበታለን።