መምህሬን በግሩፕ ላይ «አንተ» አልኳቸው፤ እንዴት ላስተካክለው?

ኮዬ ፈጬ ብሎክ
የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ በአማርኛ ቃላት የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ እሠራለሁ። ኮድ ያስተማሩኝ ሰውም የራሳቸውን እየሠሩ ነው። የተጣላነው በአንድ ፊደል ነው። የእኔ «ዓመት» እና «አመት»ን ሁለት ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥባቸው ስሞች) አድርጎ ያነባል፤ የእሳቸው አንድ ያደርጋቸዋል። ኮምፒውተር ፊደል የሚለይበት ዩኒኮድ ለየፊደሉ የተለያየ ቁጥር ሰጥቷል፤ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ለየብቻ ነው የሚያያቸው። እሳቸው ቴሌግራም ላይ «ተማሪ ላይ ዓመት፣ ታች አመት ብሎ ቢጽፍ ግማሽ ቀን ስህተት ሲፈልግ ይውላል፤ ሳይታሰብበት የተሠራ ነው» ብለው ጻፉ። ደሜ ፈላ። «የአንተ ቋንቋ ሉፕ ውስጥ ሉፕ ሲገባ ይወድቃል» ብዬ ለጠፍኩ (ሉፕ ትእዛዝ የሚደጋግም ኮድ ነው)። እጄን በቆረጠው! ስድስት ዓመት አንቱ ያልኳቸውን ሰው። ዝም አሉኝ። ልሰርዘው?

የሰበታው
አትሰርዘው፤ ስክሪንሾት ያነሳ አይጠፋም። ይልቅ ሉፑ ሲወድቅ በዓይንህ አይተሃል?

ኮዬ ፈጬ ብሎክ
አላየሁም። ጓደኛዬ ነው የነገረኝ።

ለገጣፎ ነኝ
ጥፋትህ እሱ ነው፤ «አንተ»ው ሁለተኛ ይመጣል። የሲ ፕሮግራም ቋንቋን መጽሐፍ ከጻፉት አንዱ ብራያን ከርኒሃን በ1981 እ.ኤ.አ. ፓስካል የሚባለውን ሌላ ቋንቋ ክፉኛ ተችቷል፤ «መጫወቻ» እስከማለት። ግን አስቀድሞ ከባልደረባው ጋር አንድ መጽሐፍ ሙሉ ፕሮግራም በፓስካል ጽፎ ነው። ነቀፋውም በቁሙ የሚታይ ነበር፦ የአሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር) ርዝመት የታይፑ (የዓይነቱ) አካል ስለሆነ፣ ለ10 ቁጥር የተጻፈ ሶርት (በቅደም ተከተል የሚደረድር ኮድ) ለ20 አይሠራም። እዚያው ላይ ፓስካል ለ1968 ትልቅ ሥራ እንደነበር መስክሯል። አንተ የእሳቸውን እንኳ አልጫንክም።

ዝርዝር አጥሪዋ
ልጄ፣ በፊደሉ ግን ሰውየው ልክ ናቸው። የደንበኛ ዝርዝር ሳጠራ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ እየተባለ አንድ ሰው ሦስት ሆኖብኝ ያውቃል። አንድ ማድረግ ካልፈለግህ፣ «ዓመት» እያለ «አመት» ሲመጣ ቢያንስ ያስጠንቅቅ።

ኮዬ ፈጬ ብሎክ
ማስጠንቀቂያውን አስገባለሁ፤ ይሄ አልታየኝም ነበር። ሌሊቱን የእሳቸውን ጭኜ ሞከርኩ። ሁለት ሉፕ ደህና፣ ሦስት ደህና። አራተኛው ላይ እውነትም ወደቀ። አሁን ይቅርታ ስጠይቅ ይሄንን ልጨምረው?

የሰበታው
ይቅርታውን እዚያው ግሩፑ ላይ፣ በ«እርስዎ»። አራተኛውን ሉፕ ከነኮዱ በውስጥ መስመር ላክላቸው።