ጥቆማ፦ በመጽሐፍ ኅትመት ማስተርስ ለመማር የት ይሻላል?

ሠረዝ
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ በእርማትና በአርትዖት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ረቂቁ ከእጄ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም፦ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ የትርጉም መብት እንዴት እንደሚሸጥ፣ ስንት ቅጂ ይታተም የሚለው በምን ስሌት እንደሚወሰን። ስለዚህ ማስተርስ ልማር አስቤአለሁ። እስካሁን ያየኋቸው ዩኒቨርሲቲዎች የብሪታንያዎቹ ስተርሊንግ፣ ኦክስፎርድ ብሩክስ እና ዩሲኤል (ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን)፣ እንዲሁም የአሜሪካው ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የተማራችሁ ወይም የምታውቁ ካላችሁ እህታችሁን አማክሯት።

የጀርባ ሽፋን
ስተርሊንግ ግቢ፣ ሌላ አትፈልጊ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ኅትመትን ሲያስተምር የኖረ ማዕከል ነው። ዲግሪው ኤምሊት ስለተባለ አትደናገጪ፤ ማስተርስ ነው። እኔ እዚያ ነው የተማርኩት። ከተማው ጸጥ ያለ ነው፤ ክፍላችንም ትንሽ ስለነበረ መምህሮቻችን በስም ያውቁን ነበር።

አምድ
የእኔ ምርጫ ኦክስፎርድ ብሩክስ ነው። በመጀመሪያ ግን ከታዋቂው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዳይምታታብሽ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ጥቅሙ ቦታው ነው። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ከሥራው የመጣ እንግዳ መምህር ለማግኘትም ሆነ ኢንተርንሺፕ ለመሥራት አሳታሚው ቅርብ ሲሆን ይቀላል። በዚህ ሚዛን ከሄድሽ ለንደን መሀል ያለው ዩሲኤልም አያንስም።

የጀርባ ሽፋን
ቦታ ቦታ ትላላችሁ። እኔ ከስተርሊንግ ሆኜ ኢንተርንሺፕ አግኝቻለሁ። ስተርሊንግ ነው የምላት።

አምድ
የአንተ ማግኘት ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም ወንድሜ።

የጀርባ ሽፋን
ይሁን። አሁንም ስተርሊንግ።

ባዶ ገጽ
እህቴ፣ ስም ከመምረጥሽ በፊት የእኔን ስሚ። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ካነሣችኋቸው ግን አይደለም። ሁለት ዓመት ተማርኩ። ስለ መጽሐፍ ታሪክና ስለ አንባቢ ሥነ ልቦና ብዙ ጻፍኩ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ረቂቅ ይዤ ከጸሐፊ ፊት አልተቀመጥኩም። ኢንተርንሺፕ ተብሎ የተላክሁበት ቤት ሦስት ወር ሙሉ ናሙና መጽሐፍ በፖስታ ሳሽግና አድራሻ ስለጥፍ ከረምኩ። ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ 200 ገጽ የሆነ ረቂቅ ሰጡኝና “ይህ ለማተሚያ ቤት ሲላክ ስንት ገጽ ሆኖ ይወጣል?” አሉኝ። 200 ነው አልኩ። ጠያቂዋ አንድ ነጭ ወረቀት አንሥታ አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው፤ አሁንም አጠፈችው። “ትልቁ ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሰጣል። 200 ለ16 አይካፈልም። 208 ይሆናል፤ ስምንቱን ባዶ ገጽ ምን ታደርጊበታለሽ?” አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ማንም አላሳየኝም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ያለቀስኩትን አልረሳውም።

ማተሚያ ክፍል
አዝናለሁ እህቴ፣ ከባድ ነው። ግን ጠያቂዋም ሙሉውን አልነገረችሽም። የግድ 208 አይሆንም። 12 ሙሉ እጥፋት (ባለ 16 ገጽ የታጠፈ ወረቀት) 192 ገጽ ነው፤ በላዩ አንድ ባለ 8 ገጽ ግማሽ እጥፋት ሲጨመር ልክ 200 ይመጣል። ብዙ ማተሚያ ቤት ይሠራዋል፤ ለጠራዡ ትንሽ ሥራ ይጨምራል እንጂ።

ባዶ ገጽ
እውነት? ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ ብዬ ስኖር!

ማተሚያ ክፍል
እንደ ማሽኑና እንደ ወረቀቱ መጠን ነው። ባለ 32 የሚያጥፍም አለ። ለዚህ ነው ዋጋ ከመውጣቱ በፊት ማተሚያ ቤቱ የሚጠየቀው።

ብራና
እኔ የምለው፣ ለገጽ ቅንብር የትኛውን ሶፍትዌር ትመክራላችሁ? ኢንዲዛይን በየወሩ ክፍያ ነው። ስክራይበስ ነፃ ነው፤ ግን ለምዶ መሥራቱ ከበደኝ።

ንዑስ ርዕስ
አፊኒቲን ሞክር። ካንቫ እ.ኤ.አ. በ2024 ከገዛው ወዲህ በ2025 መጨረሻ ላይ ነፃ አድርጎታል። የትኛውንም ብትይዝ ለፊደላችን ዋናው ነገር ጽሑፉ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት) መሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ረቂቅ ስትከፍት አንቀጹ በሙሉ የላቲን ምልክት ሆኖ ይመጣብሃል፤ መጀመሪያ መለወጫ ያስፈልግሃል። ደግሞ ግራና ቀኙን እኩል ስታደርግ ተጠንቀቅ። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፤ በመስመር መጨረሻ ላይ ቃል የመክፈል ልማዳችን ስላልጠና ጠባብ አምድ ላይ በቃላት መሀል ሰፊ ነጭ ክፍተት ይፈጠራል። ሦስት አራት መስመር ከተደራረበ ገጹ ላይ ነጭ ስንጥቅ ይታያል። እኔ እንዲህ ሲሆንብኝ የቀኙን ጠርዝ እለቀዋለሁ።

ብራና
እግዚአብሔር ይስጥህ! የተጠየቀው ሌላ ቢሆንም የእኔ ችግር ተፈታ።

ቀይ እስክሪብቶ
እህታችን የጠየቀችው ስለ ማስተርስ ነው። እስካሁን ያገኘችው የወረቀት አጣጠፍ፣ የሶፍትዌር ምክርና አራት ጊዜ የተጻፈ “ስተርሊንግ” ነው። እንዲህ ከሆነ የውይይቱን ርዕስ ቀይሩትና እሷ ሌላ ቦታ ሄዳ ትጠይቅ!

የጀርባ ሽፋን
ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

ግርጌ ማስታወሻ
እሺ፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሠረዝ፣ መጀመሪያ ጊዜውን አስቢው። የእንግሊዝ ማስተርስ በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ 180 ክሬዲት ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ሲሶው ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለፕሮጀክት ይሄዳል። አንቺ ጽሑፍ ማረም ስለምታውቂበት ፕሮጀክት የሚፈቅደውን ምረጪ። የአሜሪካው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከተመረቅሽ በኋላ ለመሥራት ካሰብሽ በአሜሪካ ኦፒቲ የሚባለው ፈቃድ ለዚህ ዓይነት ዘርፍ 12 ወር ነው። በእንግሊዝ ሁለት ዓመት የነበረው እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክት 18 ወር ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን ቺቭኒንግ የተባለ የነፃ ትምህርት ዕድል ተመልከቺ። የእንግሊዝን የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የሚጠይቀው የሥራ ልምድ 2,800 ሰዓት ነው፤ አንቺ አምስት ዓመት ስለሠራሽ ታልፊዋለሽ። ስትጨርሺ ግን ወደ ሀገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው።

ባዶ ገጽ ላይ የደረሰው እንዳይደርስብሽ ለየኮርሱ አስተባባሪ በኢሜይል ጻፊ፦ “ተማሪዎቻችሁ ከረቂቅ እስከ ገበያ የሚያደርሱት እውነተኛ መጽሐፍ አለ ወይ?” በያቸው። በአሜሪካው ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ኡሊጋን ፕሬስ የተባለ አሳታሚ በዚህ ስሙ ይነሣል፤ ረቂቅ የሚመርጡት፣ የሚያርሙት፣ ሽፋን የሚያሠሩትና ለገበያ የሚያቀርቡት ተማሪዎች ነበሩ። ሌላው ጋ ተመሳሳይ ነገር ካለ በመጽሐፉ ስም ይነግሩሻል። “በንድፈ ሐሳብና በተግባር የተመጣጠነ ትምህርት እንሰጣለን” ብቻ ካሉሽ እኔ ብሆን አልሄድም።

አምድ
አንድ ልጨምር። ዲግሪው የግድ ካልሆነ አሜሪካ ውስጥ አጫጭር የኅትመት ሥልጠናዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 በራድክሊፍ ኮሌጅ የተጀመረውና አሁን ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ስድስት ሳምንት ነው፤ ከ1976 ጀምሮ ያለው የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው አራት ሳምንት ነው። ሁለቱም ብዙ ሰው ወደ አሳታሚዎች ቤት አስገብተዋል። ግን ዲግሪ አይደሉም፤ እድገት የሚሰጥሽ በማስተርስ ከሆነ አይጠቅሙሽም።

ንዑስ ርዕስ
ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፣ ሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ የፊደል ቅርጽ ንድፍ ማስተርስ አለው፤ ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት ላይም ይሠራሉ። ሠረዝ የምትፈልገው እሱን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህን የሚያነብ አንድ ወጣት ቢሄድበትና ለንባብ የሚመች ፊደል ይዞልን ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ሠረዝ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ግርጌ ማስታወሻ ያልከኝን ጥያቄ ለአራቱም ልኬአለሁ፤ ሁለቱ መልሰውልኛል።

ባዶ ገጽ፣ ታሪክሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ትናንት ቢሮ ገብቼ የያዝኩትን መጽሐፍ ገጽ ቆጠርኩ፤ 330 ነው። 20 ሙሉ እጥፋት 320 ይሆናል፣ 10 ገጽ ይተርፋል። ማተሚያ ቤቱ ግማሽ እጥፋት ይቀበላል ብለውኛል። ስምንቱን እዚያ ባስገባ እንኳ ሁለት ገጽ አለኝ። ደራሲውን አንድ ቃል እንዲቀንሱ መጠየቅ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ባዶ ገጽ
ቃል አትንኪ። የየምዕራፉን የመጨረሻ ገጽ ብቻ እያየሽ ሂጂ። ሦስት ወይም አራት መስመር ብቻ ይዞ የቀረ ገጽ ታገኛለሽ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ይዘው በአዲስ መስመር የሚያልቁ አንቀጾችን ፈልጊ፤ የቃላቱን ክፍተት ለዓይን በማይታወቅ መጠን ጠበብ ስታደርጊው ያቺ ቃል ወደ ላይኛው መስመር ትገባለች። እንዲህ አራት መስመር ካተረፍሽ ገጹ ይጠፋል። ምዕራፎቹ የግድ በቀኝ ገጽ ይጀምሩ ተብሎ ከሆነ ግን ባዶ የግራ ገጾች ይኖሩሻል፤ መጀመሪያ እነሱን ቁጠሪ። የገጾቹን ፎቶ ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ አብረን እናያቸዋለን።