ከጡረታ በኋላ፦ ባለው መርካት ወይስ ተስፋ መቁረጥ?

ጥያቄ
ዘንድሮ 60 ዓመት ሞልቶኝ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ ተሰናብቻለሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የደረጃ ዕድገትንና ተጨማሪ ቤት መሥራትን ሳስቀድም ኖሬ፣ አሁን ልቤ ወደ ሌላ አዘንብሏል፤ ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የታሪክ መጻሕፍት ሳነብ አረፍድና ከሰዓት በኋላ ከልጅ ልጄ ጋር እውላለሁ። ልጆቼ ግን የቀረበልኝን የአማካሪነት ሥራ አለመቀበሌን ተስፋ እንደ መቁረጥ ቆጥረውታል። በዚህ ዕድሜ የምትገኙ ወገኖቼ፣ ባለው መርካትን ከመታከት የምትለዩት በምንድን ነው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁት ከእርስዎ ቀደም ብዬ ነው። አስቀድመው ሒሳቡን ይሥሩ፤ የመንግሥት ሠራተኛ አበል የሚታሰበው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ሲሆን፣ የቱንም ያህል ዘመን ቢያገለግሉ ከ70 በመቶው አይበልጥም። የመድኃኒትና የአስቤዛ ወጪ እያሳሰበዎት ረክቻለሁ ቢሉ ራስዎን ማስጨነቅ ይሆናል። ወጪዎን የሚሸፍን ከሆነ ግን የሚመዘነው ሌላ ነው፤ ማለዳ ሲነሱ የሚጓጉለት ነገር አለዎት ወይ? የታከተው ሰው መጽሐፉንም የልጅ ልጁንም ይሸሻል። ከጻፉት እንደምረዳው እርስዎ እንደዚያ አይደሉም።

መልስ 2
እኔ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ሰውን አስቀድማለሁ። የፒያሳው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ጎረቤቶቼ ወደተለያየ ሰፈር ሄዱ፤ ለካ ቡና የምንጠራራው፣ አንዳችን ስንታመም ሌላችን ሾርባ ይዘን የምንገባው ደጃችን አንድ ስለነበረ ኖሯል። አሁን ወር በገባ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ እንገናኛለን፤ ጉልበቷ ያልቻለችውን የቀሩት ሄደው ይጠይቋታል። ለዚህ ቀን ስል ብዙ ጥሪ ትቻለሁ፣ አልጸጸትም። ወንድሜ፣ መጽሐፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሳምንቱ ውስጥ ለእድርተኛዎና ለቀድሞ ባልደረቦችዎ ቦታ ማየት አልቻልኩምና እባክዎ ያስቡበት።

መልስ 3
ጋሼ፣ እኔ በልጆችዎ ዕድሜ ነኝ። አባቴ ጡረታ ሲወጡ እኛም ሥራ እንዲቀጥሉ ወትውተናቸው ነበር፤ የፈራነው ገንዘቡን ሳይሆን ቤት ውለው እንዳይታመሙብን ነው። አንድ ቅዳሜ ይዘውን ሲዞሩ ሊስትሮው እንኳ በስማቸው ሲጠራቸው አየን፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ አንስተንባቸው አናውቅም። ልጆችዎንም አንድ ጠዋት ይዘዋቸው ይውጡ።